ቹስሪ ለድራማ ተሳለች የተባለ ጊዜ

በታይላንድ፣ በቻቾንግሳኦ ከተማ አሮጌው ገበያ፣ ወንዙ ዳር ከተደረደሩት የእንጨት ቤቶች በአንደኛው፣ ቹስሪ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። ሦስት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቴሌቪዥን። ሴቶቹ ‘የምንመጣው ለጸጉራችን ነው’ ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ የሚመጡት ለድራማ ወሬ ነው። ቹስሪ ማታ ያየችውን ጠዋት ስታወራው የክፉዋን አማት አረማመድ ሳይቀር ወንበሮቹ መሃል እየተራመደች ታሳያለች፤ ቢጎዲን ያሰረችላት ሴት ጭንቅላቷ እየነደደ እንኳ ‘ፍቺልኝ’ አትልም።

የዚያን ዓመቱ ድራማ ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ የረባ አልነበረም። አንድ የሀብታም ልጅ ውርሱ እንዳይቀርበት ለአንድ ዓመት ብቻ ሚስት ይፈልጋል፤ አንዲት አበባ ሻጭ ደግሞ ከአጎቷ ቤት የምትወጣበት ሰበብ ትፈልጋለች። ይፈራረሙና ይጋባሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሃያ ክፍል ሙሉ መስኮት አጠገብ ይቆማል። ሲናደድም መስኮት፣ ሲያፈቅርም መስኮት።

ገበያው ውስጥ የደረቀ ዓሣ የምትሸጠው ሳምሩዋይ ካስኩ ስር ሆና፣ “የዚህ ልጅ ፊት አይንቀሳቀስም እኮ፤ ሐኪም አይቶታል?” ትላለች።

“ጨዋ ስለሆነ ነው፤ አንቺ ጨዋ የት አይተሽ ታውቂና” ትላታለች ጡረታ የወጣችው መምህርት ፒምፓ።

ቹስሪ ራሷ ድራማውን እየተራገመች ነበር የምታየው። ግን አንድም ክፍል አላመለጣትም። ምክንያት ነበራት፤ ለማንም ያልተናገረችው ምክንያት።

ቹስሪም ያገባችው በውል ነው። ወረቀት አልነበረውም እንጂ ውልስ ነበር። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የእንጀራ እናቷ ቤት እሳት ሆኖባት ነበር። ቬንቲሌተር ጠጋኙ ታዊን ደግሞ እናቱ ‘ምራቴን ሳላይ ልሞት ነው’ ብለው አልጋ ላይ ወድቀውበት ነበር። ሰው አገናኛቸውና ወንዙ ዳር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። “ሁለት ዓመት እንሞክረው፤ ካልሆነ በሰላም እንለያያለን” አላት። እሺ አለች። እናትየው ምራታቸውን ባዩ በሳምንቱ ከአልጋቸው ተነሥተው ዐሥራ ስምንት ዓመት በጤና ኖሩ።

ሁለት ዓመቱም አለፈ። ማንም ምንም አላለም። አምስት ሆነ፣ ዐሥር ሆነ፤ ሴት ልጅ ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ዳሩ። ታዊን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በቀን ዐሥር ቃል ከተናገረ በዛ፤ ከዐሥሩ ሰባቱ ስለ ቬንቲሌተር ነው። እናም ይህችን ሴት ዕድሜ ልኳን አንድ ነገር ሲከነክናት ኖረ፦ ይሄ ሰውዬ ያስቀረኝ ፈልጎኝ ነው ወይስ ቀኑን ረስቶት? ልትጠይቀው ፈራች። ‘ውይ፣ ረስቼው እኮ ነው’ ቢላትስ?

ድራማው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አላስችል አላትና ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሰፈሩ ‘አያት’ የሚላቸው ጠባቂ መንፈስ ወደሚኖሩባት ትንሽ የጸሎት ቤት ሄደች። እዚያ ሰፈር ልጁ የወታደር ዕጣ እንዳይወጣበት የፈለገም፣ ፈተና ማለፍ የፈለገም አያት ዘንድ ሄዶ ይሳላል። ቹስሪ ዕጣኗን ለኩሳ ተንበረከከችና፣ “ታዊን የልቡን በገዛ አፉ ከነገረኝ መቶ የተቀቀለ እንቁላል አመጣለሁ፤ አንድ ዘፈን ሙሉም ራሴ እጨፍርልዎታለሁ” አለች። የአባቱን ስምና የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ነገረቻቸው፤ ሌላ ታዊን እንዳይናገር።

ቀና ስትል ሳምሩዋይ ለአያት የምታቀርበውን ቀይ ለስላሳ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

“ምን ተሳልሽ?”

ቹስሪ ባሏን ሳታነሣ የምትለው ጠፋት። “ለድራማው” አለች። “ልጁ እንደሚወዳት በአፉ እንዲነግራት። መቶ እንቁላልና ጭፈራ።”

በማግስቱ ጸጉር ቤቱ ውስጥ የሆነውን አትጠይቁኝ።

“ለልጄ ዕጣ ስሳል እንኳ አንድ ሳጥን ለስላሳ ነው ያገባሁት” አለች ሳምሩዋይ። “አንቺ ለማታውቂው ወንድ መቶ እንቁላል? ጤናሽ ነው?”

“ቆይ፣ ድራማው እኮ ተቀርጾ ያለቀው አምና ነው” አለች መምህርት ፒምፓ። “አያት አሁን ምን ያድርጉ? ባንኮክ ሄደው ይቆራርጡት?”

“እሱን ለእሳቸው ተዪው” አለች ቹስሪ፤ ቆሽቷ እያረረ የሳምሩዋይን ቢጎዲን አጥብቃ ጠቀለለችው።

የመጨረሻው ክፍል የመጣው ረቡዕ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቹስሪ ወንበር ላይ፣ ታዊን ከእግሯ ስር ወለሉ ላይ የተፈታ ቬንቲሌተር አቅፎ። ውሉ አልቋል፤ ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች አውሮፕላን ጣቢያ ደርሳለች። ልጁ ሮጠ፤ በሃያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። ደረሰባት። ክንዷን ያዘ። አፉን ከፈተ። ማስታወቂያ ገባ።

ቹስሪ ድምፁን ዘጋችው። “ያንተ ዘመድ ነው” አለች።

“ማን?”

“አፉን ከፍቶ የሚቀረው።”

“እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?”

“ምንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ምንም አላደረግክም። ሁለት ዓመት ተባብለን ሂጂም አላልክ፣ ቅሪም አላልክ።” ካፏ ካመለጣት ወዲያ መመለሻ አልነበረውም። “ረስተኸው ነው?”

ሻምፖ አለፈ። የዓሣ መረቅ አለፈ። ታዊን ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ ደግሞ ሲያጠብቅ ቆየ።

“መንኩሼ የለም እንዴ?” አለ።

“ምን?”

“በሦስተኛው ዓመት። ዐሥራ አምስት ቀን ገዳም የገባሁት።”

“እሱማ ወንድ ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው ለእናትህ ጽድቅ ነው።”

“ለእናቴ በሃያ አንድ ዓመቴ መንኩሻለሁ። ለአንድ እናት ስንቴ ይመነኮሳል?” ካቻቢቴውን አስቀመጠ። “ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ልብስሽን ሻንጣ ስትከቺ አየሁሽ። አያት ዘንድ ሄጄ ተሳልኩ፤ ካልሄደች እመነኩሳለሁ ብዬ። ሻንጣውን መልሰሽ ፈታሽው። እኔም ቅንድቤን ሳይቀር ተላጨሁ።”

ቹስሪ ከወንበሯ ተነሣች። “አንተ ሰው፣ ሻንጣው ለእህቴ ሰርግ ነበር እኮ። ዝናቡ ድልድዩን ሲወስደው ነው የቀረሁት።”

“ታዲያ ዝናቡን ማን ያመጣው ይመስልሻል?”

“ለምን አትጠይቀኝም ነበር? አንዲት ቃል እኮ ነች።”

“ብጠይቅሽና ‘እሄዳለሁ’ ብትዪኝስ?” አላት። ቀና ብሎ አያት። “እንድትሄጂ አልፈለግኩማ። ዛሬም አልፈልግም።”

አለቀሰች። ሳቀች። ሁለቱንም ባንዴ ማድረግ አቃታትና በፎጣ አፍንጫዋን ያዘች። ታዊን ደግሞ የወሩን ቃል ባንድ ምሽት ስለጨረሰ ወደ ቬንቲሌተሩ ተመለሰ። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ድምፁ እንደተዘጋ፣ ‘ከሦስት ዓመት በኋላ’ የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ባሕር ዳር አንድ ሕፃን አይስክሬም ይልሳል፣ ባልና ሚስቱ ይስቃሉ። አለቀ።

በነጋታው ገበያው ታመሰ። “ሃያ ክፍል አስቀምጠውኝ፣ ካውሮፕላን ጣቢያው ዘለው አይስክሬም!” ትላለች ሳምሩዋይ፤ ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ይህንኑ ሳይሰማ አይሄድም። መምህርት ፒምፓ እንኳ፣ ያቺ የጨዋ ወዳጅ፣ “ይሄማ ብልግና ነው” አለች።

ሁለቱም ተያይዘው ቹስሪን ሊያጽናኑ ሲመጡ ጸጉር ቤቱ ተዘግቷል። ያገኟት አያት ዘንድ ነው፦ ከሰርግ ወዲህ ያልለበሰችውን የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ ጆሮዋ ላይ አበባ ሰክታ። ታዊን ከጎኗ መቶ የተቀቀለ እንቁላል በሁለት ቅርጫት ተሸክሞ ቆሟል፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ስልኩ ላይ ዘፈን ተከፈተ፤ ቹስሪ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ጀልባ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጣቶቿን ወደ ኋላ ለጥጣ መጨፈር ጀመረች።

“አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ?” አለች ሳምሩዋይ እየተከተለቻት። “ስለቱ እኮ አልደረሰም። ልጁ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።”

“ተናግሯል” አለች ቹስሪ ሳታቆም።

“መቼ? ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት።”

“ማስታወቂያው ላይ።”

ሳምሩዋይ ታዊንን አየችው። ታዊን እንቁላሉን አየ።

“እኔ እኮ ያኔ ሽንት ቤት ሄጄ ነበር” አለች መምህርት ፒምፓ፣ ከልቧ አዝና።