የማዳም መንጋጋ

የጎረቤቴን መንጋጋ ሁለት ቦታ የሰበረው ባሏ ነው፤ በጎማ መፍቻ። ፈረንሳይኛ አስተማሪ ስለሆነች ሰፈሩ «ማዳም» ይላታል። ተማሪዎቿን ቡጢያቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፋ ግሥ ታስረባቸዋለች፤ አገጭ ቡጢውን በነካ ቁጥር አንድ ክፍለ ቃል ይቆጠራል። ኑ ፓር-ሎን፣ «እንናገራለን»፣ ሦስት። ያን ቀን ቤቷ ሆና ስትለማመድ ሹፌሩ ባሏ ሞቅ ብሎት ገባና፣ በማያውቀው ቋንቋ የተሰደበ መሰለው። «ለእኔ ነው?» አላት። መልስ እንኳ አልጠበቀም። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሁለት ጥርሷን ከነደሙ መዳፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ስድስት ሳምንት አፏ በሽቦ ታስሮ ከረመ፤ ሾርባ እየፈጨሁ በቀጭን ቱቦ አጠጣኋት። ርእሰ መምህሩ፣ ሽቦው በተፈታ በሦስተኛው ቀን ቀርባ ግሥ እንድታረባ፣ ካቃታት ግን ክፍሏን ለሌላ እንደሚሰጥ ላከባት። ከዚያ ክፍል ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ሽቦው ሲፈታ ደግሞ አፏ አንዲት ጣት እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው።

ማዳም ብልህ ናት፤ አፍ የማያስከፍት ግሥ መረጠች። ኑ ፊ-ኒ-ሶን፣ «እንጨርሳለን» ማለት ነው። እኔ ቤት ሆና ስትደጋግመው፣ ልጄ «ኑ» በተባለ ቁጥር የተጠራች መስሏት ትሮጣለች።

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ታስሮ የነበረው ባሏ በዋስ ተፈቶ ኖሮ የቤቴን በር በእርግጫ ገንጥሎ ገባ። አገጯን ጨምድዶ ያዘና «እስቲ አሁን ለፍልፊ» አላት። በብረት ድስት ማጅራቱን አልኩት፤ ዞሮ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ልጄ አልጋ ሥር ገባች። ከቤቴ ሥር ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ከነደንበኛው ወጥቶ፣ ግማሽ ጢሙ በተላጨው ደንበኛ አስይዞ በወንበር ቀጠቀጠው። ፖሊስ ሲደርስ ወንበሩም ሰውየውም ተሰብረዋል።

በማግስቱ ፊቷ እንዳበጠ ሄድን። ኑ ፊ-ኒ-ሶን ያለ ችግር ወጣ። ርእሰ መምህሩ ግን ሞኝ አይደለም።

«ይሄ እኮ ጥርስ ተነክሶም ይባላል፤ ‹መናገር›ን ያርቡልኝ» አላት።

«ፓር» አፍ ካልተከፈተ አይወጣም። ርእሰ መምህሩ አዝኖ ነው መሰል፣ «ይቅር» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ማዳም የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ አፏን ከፈተችው። መንጋጋዋ ቀጭ ሲል በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁት፤ ደም በአገጯ ወረደ።

«ኑ ፓር-ሎን» አለች። ደሙን ዋጥ አድርጋ በስድስቱም መደብ አረባችው።

ርእሰ መምህሩ መሐረቡን ሰጣት፤ ሰኞ ክፍሏ እንድትገባ ነገራት። ከዚያ ወጥታ በባሏ ላይ ቃሏን ልትሰጥ ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ፣ እኔ ለተገነጠለው በር ማጠፊያ ልገዛ ሄድኩ።