ትልቁን ገጽ የመረጠ ዕለት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሸንሻኙ» ነው የምንለው። ሥራው ሃይፐርቫይዘር ላይ ነው፤ አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ማሽን ሜሞሪው «ገጽ» በምንለው ቁራጭ ተከፍሎ፣ በትንንሽ ገጽ ይሰጠው ወይስ በትልልቅ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ትልቅ ገጽ ሥራ ያፈጥናል። እሱ ግን ሜሞሪያቸው ተቆልፎ ለሚሠሩት፣ እኛ እንኳ ውስጣቸውን ለማናየው ማሽኖች፣ ሁልጊዜ ትንንሹን ይሰጣል። «ኤሊ አርቢ» እያልን ስናበሽቀው ይስቃል።

«እንዲህ ያለ ማሽን ከውጭ ጋር ለመነጋገር አንዲት ትንሽ ገጽ ክፈቱልኝ ይላል» ይለን ነበር። «ያቺ ገጽ ትልቅ ገጽ ውስጥ ካለች ትልቁን መሰንጠቅ የግድ ነው። የመሰንጠቂያ ኮዳችን ደግሞ በደንብ አልተፈተነም። ከሳተ ማሽኑ ይሞታል፤ ቁልፉም አብሮት ይጠፋል።» ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከደንበኞቻችን አንዱ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትን ከቤተሰብ ደም ጋር የሚያመሳክር ላቦራቶሪ ነው፤ ማሽኑም ከእነዚያ ከተቆለፉት አንዱ ነው። የሸንሻኙ ታናሽ ወንድም በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። እናታቸው ደም ሰጥታለች። ጉበቷ አልቆ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት ሸኝቷታል። ምሳ ሰዓት ላይ ስትደውልለት፣ ከጎኑ ስለምቀመጥ እሰማታለሁ።

«ልጄ፣ ያ ማሽናችሁ ምን አለ?»

«ሊጀምር ነው፣ እማዬ።»

«አፈር ሳይጫነኝ ቁርጡን ንገረኝ።»

በትንንሽ ገጽ እየተንፏቀቀ ከሄደ እሷ አትደርስበትም ብሎ አሰበ። ላቦራቶሪው አዲሱን ዙር ሊያስጀምር ሲል ትልቁን ገጽ መረጠ። ስክሪኑን ሳየው ክው አልኩ።

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት።

«አንዴ ብቻ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ማሽኑ በረረ። ሸንሻኙም ለእናቱ «ደርሷል፣ ትንሽ ታገሺኝ» አላት። ሥራው አልቆ ውጤቱን ለማውጣት ማሽኑ ያቺን አንዲት ትንሽ ገጽ ጠየቀ። ስንጠቃው ሳተ፤ ማሽኑም ክልትው አለ። የስንቱ እናት መልስ እዚያ ሜሞሪ ውስጥ ቀረ፤ እኛም ላቦራቶሪውም ልንከፍተው አንችልም፣ የተሠራውም ማንም እንዳይከፍተው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሁሉንም ከመጀመሪያው፣ በትንንሽ ገጽ፣ አስጀመረው።

እናቱ ሐኪሙ ካለው በላይ ቆየች። እሱ ግን ስትደውል ስልኩን ማንሳት እየፈራ መጣ። ውጤቱ የወጣው እሷን ቀብረን በተመለስን ሳምንት ነው፤ ወንድሙ ተገኝቷል። መጀመሪያውኑ በትንንሹ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በጆሮዋ ትሰማው ነበር። ይህን ማንም አልነገረውም፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅም የለም።

አጥንቱን ልንቀበል አብሬው ሄድኩ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ወንበር ሰጠችንና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ እኛ መጀመሪያ የምንነግረው ለእናት ነው። እናታችሁ አሉ?»

«ነበረች» አለ። «ጠብቃን ነበር።»