የጀልባ ቤቱ መርዶ

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ በማለዳ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ ግራና ቀኝ ይዞ ይነግረዋል። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ጆሃንስበርግ ውስጥ እኔ ደጅ ድርሽ የሚል ሰው አልነበረም። ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም የኮቪድ ሕሙማን ክፍል ነበር። ሰው እንዳይመጣብኝ የከለከልኩት እኔው ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ዳቬይተን ሰፈር ስፓዛ የሚባለው ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላቸውን የአገሬን ልጆች "ራቅ በሉ፣ ማስካችሁን ከአፍንጫችሁ በላይ አድርጉ" እያልኩ ስለምጨቀጭቃቸው "ፖሊሷ ዶክተር" ይሉኝ ነበር።

እናቴ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ታማ ተኝታለች። በደወልኩ ቁጥር ቤተሰቦቼ "ተሽሏታል፣ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል" ይሉኛል። ሐኪም ሆኜ ይህን አመንኩ። ማመን ፈልጌ ነበራ።

አንድ እሁድ ጋሼ ደወለ። የእናቴ ጎረቤት ልጅ ነው፤ እዚህ ደግሞ ባለሱቅና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ።

"ፀሐይ ሳታዪ ልትከርሚ ነው። መናፈሻው ሐይቅ ዳር እንገናኝ፤ ሜዳ ላይ ነው፣ አትቆጪን" አለኝ።

ሐይቁ ዳር ከድሮ ጀምሮ የቆመ የጀልባ ቤት አለ። የድንጋይ መሠረት፣ የጣውላ በረንዳ፣ ቀለሙ የተላጠ በር። በመስኮቱ ሲያዩ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች በጀልባ ሲንሸራሸሩ የተነሱት የደበዘዘ ፎቶግራፍ ይታያል። ጀልባዎቹ ግን በሰንሰለት ታስረው ተገልብጠዋል። እንዲያም ሆኖ ደስ አለኝ፤ ከሆስፒታልና ከቤቴ ሌላ ቦታ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ጋሼ ከባለቤቱና ከሁለት ባለሱቆች ጋር መጣ። ስፓዛ ሱቅ እሁድ አይዘጋም፤ ዘግተው መምጣታቸውን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ፊታቸውን እንዳላነብ ደግሞ ሁሉም እንደ ትእዛዜ ማስክ አድርገዋል። ተራርቀን ቆመን እኔ ብቻ አወራለሁ።

"ይሄ ነገር ሲያልፍ እማዬን አምጥቼ እዚህ ጀልባ ላይ አሳፍራታለሁ። ውሃ ትፈራለች፣ ትጮሃለች" አልኩና ሳቅኩ።

የሳቀ አልነበረም። የጋሼ ባለቤት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ ከሁሉም ጠንቃቃው ጋሼ፣ መጥቶ ትከሻውን ከትከሻዬ አስነክቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ባለቤቱ በሌላው ጎኔ። ራቅ በሉ ልላቸው አፌን ስከፍት ጋሼ እጄን ያዘኝ። አጥብቆ ነበር የያዘኝ። ያኔ ገባኝ።

"መቼ?" አልኩ።

"ባለፈው ሳምንት። ጌታ ያጽናሽ፣ እህቴ። ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚ ብለን ነው። ቤትሽ እንዳንመጣ ከለከልሽን።"

ጮኼ አለቀስኩ። የጀልባ ቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ጩኸቴን ሰምተው መጡ፤ ማን እንደሞተ በዙሉ ጠየቁ። አንደኛው ባለሱቅ "ኡማማ" አላቸው። እናቷ ማለቱ ነው። ሰውየው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ልቤን ያሳረረው አንድ ነገር ነበር። አገር ቤትም ሰው መሰብሰብ ፈርቷል፤ እናቴ ያለ ለቅሶ ሄዳ ይሆን?

"ማን አለቀሰላት?" አልኩ።

"እኛ አልቅሰንላታል" አለ ጋሼ። "መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ በየሱቃችን። ደንበኛ ዳቦ ሲል ፊታችንን ጠርገን እንሰጣለን፣ ተመልሰን እናለቅሳለን።"

ሳላለቅስላት የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።