ወደ አዲስ አበባ የአንድ ሰዓት በረራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሊባኖስ ውስጥ፣ ባዕብዳ በምትባል የቤይሩት ዳርቻ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰው «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲል በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ኮንትራቴ አልቆ ወደ አገሬ የምመለስበት ቀን ደረሰ። ማዳሜ ጉንጬን ስማ ተሰናበተችኝ፤ ኤርፖርት የሚያደርሰኝ ወንድሟ ነው። መኪናው ውስጥ ዓለሚቱ የምትባል ሐበሻ ተቀምጣ አገኘሁ። አሽራፊዬ በሚባለው የቤይሩት ሰፈር ስትሠራ ቆይታ እሷም አገሯ መግባቷ ነው። ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ ታቅፋ ደስታዋን አትችለውም።

ፓስፖርታችንንም ቲኬታችንንም የያዘው ሰውየው ነው። ቡርጅ ኤል ባራጅነህ የሚባለውን ሰፈር ስናልፍ፣ ማንም ሳይጠይቀው በመስታወት እያየን «ያላ፣ ደስ ይበላችሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አገራችሁ ናችሁ» አለ።

ደነገጥኩ። ስመጣ በልቼ፣ ተኝቼ፣ ነቅቼም ገና አየር ላይ ነበርን።

«ዓለሚቱ፣ ስትመጪ እንዲህ ቅርብ ነበር እንዴ?» አልኳት በአማርኛ።

«ያኔ ዳገት ነበራ! አሁን ቁልቁለት ነው» ብላ ሳቀችብኝ። «ያኒ፣ ሲመለሱ ይቀላል። አታሟርቺ ባክሽ!»

እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ልቤ ግን አላመነም።

ኤርፖርት እንደደረስን እያጣደፈ አሰለፈን። ዓለሚቱ ከፊት ናት። ሰልፉ ላይ ከሁለታችን ሌላ አንድም ሐበሻ የለም። ከኋላዬ የቆሙትን ሊባኖሳዊት ባልቴት በተሰባበረ አረብኛዬ፣ አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይደረስ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

ሴትየዋ ሳቁ። «ያ ቢንቲ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የቆጵሮስ ነው! ልጄን ልጠይቅ እየሄድኩ ነው። የእናንተ አገርማ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።» ከዚያ ፓስፖርቴን የያዘውን ሰውዬ አዩና ሳቃቸው ጠፋ። ጠጋ ብለው «እንዳትሳፈሪ» አሉኝ።

ቀና ስል ዓለሚቱ ፓስፖርቷን ከሰውየው ተቀብላ በሩን አልፋለች። «ተመለሺ! አገራችን አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ጫጫታው አላሰማትም። ዞር ብላ እየሳቀች በእጇ «ቶሎ ነይ» አለችኝና ሄደች።

ሰውየው ክንዴን ጨምድዶ «ኸላስ! ዝም በይ!» ሲለኝ መሬት ላይ ተዘርግቼ ኡኡታዬን አቀለጥኩት። ፖሊሶች ሲመጡ ሴትየዋ ያዩትን ተናገሩልኝ። ሰውየው ፓስፖርቴን ወርውሮ ሰው መሐል ገባ። ስለ ዓለሚቱ ፖሊሶቹን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። አውሮፕላኑ ተነሥቷል አሉኝ። ሌላ አገር ላለ አሠሪ ሊሸጠን እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

በቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ እህቶች አስጠግተውኝ፣ ቲኬትም ቆርጠውልኝ ከቀናት በኋላ በትክክለኛው አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ሰው ሁሉ ረዘመብን ሲል፣ እኔ በረዘመ ቁጥር ተመስገን እል ነበር።

ዓለሚቱን የአባት ስሟን አልጠየቅኳትም፤ እናቷን ማፈላለግ እንኳ አልቻልኩም። የደረሰችበትን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዲስ አበባ ስናርፍ ከአረብ አገር የሚመለሱት ሴቶች በሙሉ እልል አሉ። ዓለሚቱም ያን ቀን የቆጵሮሱ አውሮፕላን መሬት ሲነካ፣ አገሬ ገባሁ ብላ ብቻዋን እልል ብላ ይሆናል።