የኤሚል ራድኪ ባጅ

ሊዮና ራድኪ ቂመኛ ነበረች፤ ይህን ሸፋፍኖ መናገር እሷኑ ማሳነስ ነው። ሚልዋኪ ከተማ በጓንት ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትሰፋ ኖራ ጡረታ ወጣች። የሥራ ጓደኞቿ ካርታ ጨዋታና መዘምራን ውስጥ ሲገቡ፣ እሷ የድሮ የምርጫ ባጅ ሰብሳቢዎች ክበብ ገባች። ባጅ ወዳ አይደለም። ቨርነን ፕሩስ እዚያ ስለነበረ ነው።

አባቷ ኤሚል የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የለየለት ሶሻሊስት ነበር። በ1936 ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድሮ በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፈ። ብዙ ዓመት ቆይቶ በሞተ በሳምንቱ፣ ቨርነን ኮፍያውን በእጁ ይዞ እናቷ ዘንድ ለቅሶ ደረሰ። ሾርባዋን በላ፣ አብሯት አነባ፣ ከዚያ የኤሚልን ባጆች የያዘውን የሲጋራ ሳጥን «ፎቶ አንስቼ ዓርብ እመልስልዎታለሁ» ብሎ ይዞ ሄደ።

አሮጊቷ ዓርብ ዓርብ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ መቀመጥ ጀመረች። «መንገዱ ተዘጋግቶበት ይሆናል» ትላለች። ሊዮና ሄዳ ብትጠይቀው «የምን ሳጥን?» አላት። እናቷ አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ የቨርነንን መኪና ስትጠብቅ ሞተች።

ያ ሰው በክበቡ ውስጥ አዋቂ ተብሎ ይከበር ነበር። የኤሚልን ፊት የያዙ ቀያይ ባጆችን በሰማንያ በሰማንያ ዶላር ይሸጣል፤ አሥር ሲያልቅ ሌላ አሥር ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። ገዢው አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ መጀመሪያ የሚያየው የባጁን ጠርዝ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፣ ማኅበር ባለው ፋብሪካ መሠራቱን የምታሳይ የሠራተኛ ማኅበር ምልክት እዚያ መኖር አለባት። ማኅበር በሌለው ፋብሪካ ባጁን የሚያሠራ ሶሻሊስት የት ይገኛል? የቨርነን ባጆች ምልክቷ ነበረቻቸው።

ሊዮና ግን ታውቃለች። ያን ዓመት የባጅ ፋብሪካው በሠራተኞቹ ላይ በሩን ስለዘጋ፣ የአባቷ ባጆች የተሠሩት እነሊዮና ቤት፣ ኩሽና ውስጥ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ ወረቀቱን በክብ በክብ የቆረጠችው እሷ ናት። ከጓዶቹ አንዱ ምልክቷ ትታተም ቢል አባቷ ተቆጣ። «በኩሽና ጠረጴዛ ላይ የማኅበር ምልክት ከለጠፍን እኛም ሌቦች ነን!»

ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ፣ ክበቡ ባጅ በሚሸጥበት ትርኢት ላይ፣ እውነተኛውን አገኘችው። «የውሸት» ተብሎ በተጻፈበት የቨርነን የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ከማይረቡት ጋር ተጥሎ። ምልክት ስለሌለው ንቆት ነው። መርፌው ተሰብሮ እናቷ በልብስ መርፌ ቁልፍ የተካችው ራሱ ነበር። በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝታ መሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። ያለ ማስረጃ ማን ያምናታል? ስለዚህ በየትርኢቱ እየመጣች፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳው በጣቷ ወደ ቆርቆሮው ታች ትገፋው ነበር። በዚህ ክረምት የሶሻሊስት ፓርቲው ጸሐፊ የነበሩት ሰውዬ ልጅ ከምድር ቤቷ የ1936ቱን የቃለ ጉባኤ ደብተር አወጣችላት።

የጸደዩ ትርኢት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሊዮና የቨርነን ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ጓድ ሊዮና! ዛሬስ እጅሽ ይፈታ ይሆን?» አለ ቨርነን፣ ሰው እንዲስቅለት።

«ይፈታል። ግን እንዳታጭበረብረኝ ፈራሁ።»

«እኔ? አባትሽን የሸጥኩት ከነምልክቱ ነው!»

«ይሄኛውስ?» ከቆርቆሮው ሥር አወጣችው።

«እሱማ ቆሻሻ ነው፤ ምልክት የለውም። የልጅ መጫወቻ።»

«ምልክት ያለው እውነተኛ ለመሆኑስ ምን ዋስትና አለኝ?»

ቨርነን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከእናትሽ እጅ ነው የተቀበልኩት! ከነሳጥኑ!»

«በደረሰኝ ላይ ጻፍልኝ።»

ጻፈላት። ምልክት ያለው እውነተኛ፣ ከኤሚል ሚስት የተገኘ፤ የሌለው ውሸት፣ በሃያ አምስት ሳንቲም የተሸጠ። ሳንቲሟን አስቀመጠችና ባጁን ኮቷ ላይ አደረገች። ከዚያ የክበቡን ሊቀመንበር ሃርላን ቢትነርን ጠርታ ደረሰኙንና ደብተሩን ሰጠችው። «እባክህ ጮክ ብለህ አንብበው» አለች።

ሃርላን አነበበ። «ጓድ ራድኪ ባሳሰቡት መሠረት፣ ባጆቹ በቤት የተሠሩ ስለሆኑ አንድም የማኅበር ምልክት እንዳይታተምባቸው ተወሰነ።»

ሰማንያ ዶላር የከፈሉት ሁሉ ደረታቸው ላይ የሰኩትን ባጅ ማየት ጀመሩ። ሊዮና ደስ አላት፤ እስከ ጥፍሯ ድረስ ደስ አላት።

«የምን ሳጥን ብለኸኝ ነበር፣ ቨርነን» አለችው።

የክበቡ ደንብ አጭር ነው። አስመስሎ ሠርቶ የሸጠ ይባረራል፤ የሚተርፈው የተበደለው ሰው ራሱ እስከ ቅዳሜው ስብሰባ ይቅርታ ካደረገለት ብቻ ነው። ቨርነን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተላት። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ሞታለች፤ ከክበቡ ሌላ የሚሄድበት የለውም።

«ሊዮና፣ እህቴ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ። ሳጥኑንም። በእናትሽ ይሁንብሽ።»

በእናቷ ባይላት ኖሮ ምናልባት ትለሰልስ ነበር። ትንሽ አየችው።

«ዓርብ እቤትህ እመጣለሁ» አለች።

«ዓርብ? እግዜር ይስጥሽ! ሾርባ እሠራለሁ።»

ዓርብ ሲመሽ ሊዮና ከወንዙ ማዶ ባለው መጠጥ ቤት፣ ከጓንት ፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር የተጠበሰ ዓሣ ትበላ ነበር። አንዷ ኮቷ ላይ ያለውን ባጅ አይታ ማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አባቴ ነው» አለችና፣ ሰዓቷን አይታ፣ ሁለተኛ ሳህን አዘዘች።