የረመዳኑ ስኳርና የልጁ እንጥል

የወንድሜ ልጅ ሲታመም ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ወስዶት ግንባር ነበር። ሚስቱ ልጇን ታቅፋ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ቤታችን ገብታለች። ልጁን ሲያስቀምጠው ሰንብቶ ዓይኑ ጎደጎደ፣ አፉ ደረቀ። ያለቅሳል፤ እንባ ግን የለውም። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እናቴ ውሃ ከለከለችው። "ከላይ ሲጨመር ከታች ይወጣል" አለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው እንደዚያ ነው። ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነም አውቃለሁ፤ እንጥል ቆራጯ። አዴ እንላቸዋለን። ምላጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ፣ የልጁን አፍ ከፍተው አዩ።

"እንጥሉ ወርዷል። ካልተቆረጠ አይተርፍም።"

"አይነካም!" አልኩ።

"አቦ አንቺ ደግሞ! ወልደሽ ታውቂያለሽ?" አለች እናቴ።

"አልወለድኩም። ተምሬያለሁ።"

"እስቲ ትምህርትሽ ባል ያምጣልሽ!"

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ያሉትን ነገርኳቸው። ሰው ሲያስቀምጠው ጨው ብቻውን የአንጀትን ግድግዳ እንደ ልብ አያልፍም። ስኳሩን ግን የአንጀት ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ስኳር ከጨው ጋር ተያይዞ በሴሉ በር ይገባል፤ ውሃው ይከተላቸዋል። ያ በር በሽታ ላይም ክፍት ነው። ለአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፉት።

"ስለዚህ መቆረጥ ያለበት ስኳሩ እንጂ እንጥሉ አይደለም!"

አዴ ሳቁብኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ስኳር የሚለው ቃል ጆሮዋ ገብቷል። የቀበሌ ሱቅ በኮታ የሰጠንን ጥቂት ስኳር ለረመዳን ብላ በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፋበታለች።

"ቁልፉን ስጪኝ።"

"ለፆም ነው!"

"መጀመሪያ ልጁ ለፆም ይድረስ!"

አልሰጠችኝም። ዘነዘናውን አንስቼ የሳጥኑን ጓጉንቸር ሰበርኩት።

ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። ስቸኩል ጨዉን አበዛሁት። ቀመስኩ፤ ከእንባ ይበልጣል። ግቢው ላይ ደፋሁት።

"ያ ረቢ! ስኳሩን ለአፈር!" ብላ እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች።

እንደገና በጠበጥኩ። አሁን ልክ ነው። ግን ማን ያጠጣው? እናቴና አዴ ልጁን ከበውታል። የወንድሜ ሚስት ተነሳች።

"ስጪኝ" አለች። "እናቱ እኔ ነኝ።"

በማንኪያ ጀመረች። ልጁ አስታወከው። ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ እያለች ደገመችው።

አዴ በሩ ላይ ተቀመጡ። "እስከ አሱር ሶላት እጠብቃለሁ። ካልሆነ እቆርጣለሁ።"

"ይጠብቁ" አልኳቸው።

ከአሱር በፊት፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ የልጁ ጨርቅ በሽንት ራሰ። አዴ አላመኑም፤ ምላጩን ፈተው የልጁን አፍ ሊከፍቱ ጎንበስ አሉ። ልጁ ጮኸ። ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ።

"አዩ? እንባ አለው!"

አዴ ምላጩን ጠቀለሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ እንጥሉ በራሱ ተመለሰ።"

"መች ወርዶ ነው የሚመለሰው?"

እናቴ አፈጠጠችብኝ።

የዚያን ረመዳን ሻያችን ስኳር አልነበረውም። ልጁ ምንጣፉ ላይ እየዳኸ ቴምር ይለቅማል። እናቴ ብርጭቆውን መጀመሪያ ለእኔ አቀረበች።

"ጠጪ እንግዲህ፣ ምሁሯ!"

መራራ ነበር። ጨረስኩትና ብርጭቆውን መልሼ ዘረጋሁላት።

"ድገሚኝ።"