የፀደንያ ትንፋሽ

መዝሙሩ ውስጥ አንድ ትንፋሽ አለ። «በጨለማ ለተቀመጥነው ብርሃን ይወጣልናል» የሚለው ስንኝ ላይ ሲደርሱ «ይወጣ» ብለው አየር ይስባሉ፤ ከዚያ «ልናል» ይላሉ። ቃል መሀል መተንፈስ የትም አገር ነውር ነው። ስዊዘርላንድ ያለው የሐበሾች ኳየር ግን ሃያ ሰው ሆኖ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ እኩል ይተነፍሳል። ምክንያቱን የምታውቀው መስታወት ብቻ ናት። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

መስታወት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ዙሪክ ዳርቻ፣ አድሊስቪል ብቻዋን ትኖራለች፤ ዋሊሰለን ካሉት ሱቆች በአንዱ ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ትከፍታለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። «እህት መስታወት ከጸለየች ሰማይ ይሰማል» ይባልላታል። እጇን የጫነችበት ሁሉ ዳነ እንዳይባል ያልዳነም አለ፤ ያልዳነውን ግን ማን ይቆጥራል? ሰው ደስ ያለውን ነው የሚያስታውሰው።

የኳየሩ ግማሽ ዙሪክ ነው፣ ግማሹ ጄኔቭ። መሀላቸው የሦስት ሰዓት ያህል የባቡር መንገድ አለ። ስለዚህ አንድ ላይ የሚቆሙት በዓመት አንዴ፣ በአድቬንት ሦስተኛው እሑድ፣ አዳራሽ የምታውሳቸው የዙሪክ የስዊሶች ቤተ ክርስቲያን ስትጋብዛቸው ነው። መጀመሪያ ላይ ሽማግሌዎቹ አጉረምርመው ነበር። አራት ሻማ በየእሑዱ እየለኮሱ ገናን መጠበቅ ለጴንጤ ምኑ ነው አሉ። ስዊሶቹ ከአገልግሎት በኋላ ያቀረቡትን ኬክ ሲቀምሱ ግን ሻማው መጽሐፍ ቅዱሳዊ ሆነ።

ከመካከላቸው ኖታ የሚያነብ የለም። አንድ ሰው የሶፕራኖውንም የአልቶውንም የቴነሩንም ድምፅ በየተራ ዘምሮ በስልኩ ይቀዳና ለሁሉም ይልካል፤ ሌላው ወደ ሥራ ሲሄድ እየሰማ ያጠናል። ቀጂዋ ፀደንያ ነበረች። ጄኔቭ፣ ሊኞን በሚባለው ማለቂያ የሌለው ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ትኖር ነበር። ቢሮ እያጸዳች ዜማ ትደርሳለች። ከመስታወት ጋር የተዋወቁት የዛሬ ሃያ ዓመት በጥገኝነት ጠያቂዎች መጠለያ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ሲደርሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህትማማች ናቸው ቢባል ማንም አይከራከርም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር መስታወት ልትጠይቃት ሄደች። ፀደንያ ያን መዝሙር የቀዳችው የዚያን ዕለት ነው፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ መስታወት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ። ደረቷን ይወጋት ነበር። ሳሉ ሁለቴ አቋረጣት። በሦስተኛው «ይወጣ» ብላ አየር አጠራት፤ እንደ ምንም ስባ ጨረሰችው።

«ልድገመው» አለች።

«በቃ፣ ይሄ ይሆናል። አትድከሚ» አለቻት መስታወት።

ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ ጭና ጸለየችላት። ከልቧ ነበር የጸለየችው፤ ማንም ውሸት ነበር ሊላት አይችልም። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ከአሜን በኋላ ጨመረችበት። «ተፈውሰሻል። ከእንግዲህ ሐኪም ጋ መሮጥ ጥርጥር ነው።» ፀደንያ ስልኳን አንስታ ለማክሰኞ ይዛው የነበረውን የሐኪም ቀጠሮ እዚያው ፊቷ ሰረዘች። በጥር ቀበሯት። መጨረሻ ላይ ያያት ሐኪም ለመስታወት የነገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ ሊረዷት ይችሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ ትንፋሽ አይለቃትም። ሱቅ ውስጥ የገና ጌጥ ካርቶን ስትከፍት ከጀርባዋ ይሰማታል። ሲል በሚባለው ወንዝ ዳር በሚሄደው ባቡር አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ረዘም አድርጎ ከተነፈሰ ትበረግጋለች። ከሁሉ የከፋው ቤቷ ነው። ተንበርክካ «ጌታ ሆይ» ስትል፣ «ጌታ» ካለች በኋላ አንድ ሰው አጠገቧ አየር ይስባል። ስለዚህ ብቻዋን መጸለይ ትታለች። በሰው ፊት ስትጸልይ ድምፅ ስለሚበዛ አትሰማውም። ይህንንም የሚያውቅ የለም።

ደግሞ ለቅጣቷ ይመስል የኳየሩ መሪ አደረጓት። ቅጂውን በየዓመቱ ለአዲሶቹ የምትልከው ራሷ ናት። ፀደንያን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ከፀደንያ ጋር ይተነፍሳሉ። ብታርመው ጓደኛዋን ሁለተኛ የምትገድላት ይመስላታል፤ ስትተወው ደግሞ ሟቿ በየአድቬንቱ ሃያ ሰው ሆና ትመጣባታለች።

ዘንድሮ፣ ከእሑዱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልምምዱ አልቆ ሰው ሲበተን ሮዳስ ወደ ኋላ ቀረች። ሮዳስ ሶሎ የተሰጣት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የፀጉር ሥራ ሙያ ተምራ ልትጨርስ ነው።

«እህት መስታወት፣ ይጸልዩልኝ» አለችና እጇን ይዛ ብብቷ ሥር አስነካቻት። ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። «ረቡዕ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ፈርቻለሁ። እርስዎ ከጸለዩልኝ ግን አልሄድም። አምናለሁ።»

መስታወት ልትጭንባት እጇን አነሳች። አፏ የለመደውን ቃል ሊያወጣ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ትንፋሹ መጣ፤ ከጀርባዋ ሳይሆን ከገዛ ደረቷ። ቃሉ መሀል ላይ ቀረ።

«ረቡዕ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«ጸሎቱስ?»

«መንገድ ላይ እንጸልያለን። መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ አለኝ።»

እጇን ይዛ ነገረቻት። የወጥ ቤቱን፣ የተሰረዘውን ቀጠሮ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ምንም ሳታስቀር። ስታወራ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ራሷን ይቅር ማለት መሰላት።



«እኛ እኮ ስታይል መስሎን ነው እዚያ ጋ የምንተነፍሰው» አለች ሮዳስ። ቀጥላም ቀስ ብላ ጠየቀቻት፣ «እሷ ግን ያኔ አምናዎት ነበር?»

«አምናኝ ነበር።»

ሮዳስ በመስታወት እጅ ውስጥ የነበረውን እጇን አወጣች። ጃኬቷን ለበሰች፣ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋች፣ ቦርሳዋን አነገተች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ረቡዕ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አለች። «አይዘግዩ።»